አርባው ሳይወጣ አይጠረግም

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በምሠራባት ጠባብ ሱቅ ግድግዳ ላይ፣ ከዋጋ ዝርዝሩ ከፍ ብሎ፣ በስኮች የተለጠፈ አንድ ወረቀት አለ። «ፎርማት የተደረገ ኮምፒውተር አርባው ሳይወጣ አይጠረግም» ይላል። አዲስ ደንበኛ መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ «ማን ሞቶ ነው?» ይለኛል።

የሞተውስ አሮጌው ዊንዶውስ ነው። ግን አልተቀበረም። ዲስኩ ሳይጠፋ አዲስ ዊንዶውስ ከላይ ሲጫን፣ አዲሱ የአሮጌውን ዕቃ ሁሉ ሰብስቦ «ዊንዶውስ ኦልድ» በሚባል አንድ ፎልደር ውስጥ ያስገባና ሲ ድራይቭ ላይ ያስቀምጠዋል። ደንበኛው ላፕቶፑን ይዞ ቤቱ ይገባል፤ በማግስቱ ተመልሶ «ይኼ ዐሥራ አምስት ጊጋ የበላብኝ ምንድን ነው? አጥፋልኝ» ይላል። እኔ አላጠፋም። አንዳንዱ ይቆጣል፤ አንዳንዱ ስንፍና ይመስለዋል። «የጠረግከው ቤት ቆሻሻውን በር ላይ ትተህ ትሄዳለህ?» ያለችኝም አለች። ልክ ናት፤ እኔም ድሮ እንደሷ ነበር የማስበው።

ሥራ የጀመርኩት በ1996 ዓ.ም. በሰው ጽሕፈት ቤት ተቀጥሬ ነው። (ዓመቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የፈረንጅ ሲሆን እናገራለሁ።) ጽሕፈት ቤት ስል የመንግሥት ቢሮ አይደለም፤ «የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» የሚል ታፔላ የሰቀለች አንዲት ክፍል ናት። ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የሠርግ ጥሪ፣ የፍርድ ቤት መልስ፣ የአርባና የሙት ዓመት መጥሪያ ሁሉ ከዚያች ክፍል ይወጣል። ሦስት ኮምፒውተር ነበረን፤ ሁለቱ ዊንዶውስ 98፣ አንዱ ኤክስፒ። ሦስቱም ከመርካቶ ተገዝተው 300 ኪሎ ሜትር ተጉዘው የመጡ ናቸው። አሠሪዬ እንደነገረኝ፣ ዋናው ሣጥን ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሲታሰር፣ ያ እንደ ቴሌቪዥን የሚከብደው ሞኒተር ግን ከጎሃ ጽዮን ዓባይ በረሃ ወርዶ ደጀን እስኪወጣ ድረስ በጭኑ ላይ ነበር። በየጠመዝማዛው አቅፎት «ማርቆስ አደራህን» ይል ነበር።

አብራኝ የምትሠራው ጸሐፊ ጣቷን ያፍታታችው በኦሊቬቲ የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደላችንን ለመኪና ለማስገዛት የደከሙበትን ሥራ ተከትሎ የመጣውን፣ አካሉን አንዴ ቅጥያውን አንዴ እየመቱ የሚያስጽፈውን መኪና ማለቴ ነው። ኮምፒውተሩንም እንደዚያው በኃይል ትመታው ነበር፤ ኪቦርድ አይበረክትላትም። ዊንዶውሱ ተበላሽቶ ሲዲ ይዤ ስጠጋ ባየችኝ ቁጥር «ይኼ ደግሞ በወር በወር የሚታጠብ ምን ዓይነት መኪና ነው?» ትለኝ ነበር። የእሷ ኦሊቬቲ በሕይወቱ ሙሉ የፈለገው ጥቂት ዘይትና የቀለም ጥብጣብ ብቻ ነው።

እውነቷን ነው፤ እናጥበው ነበር። ቫይረሱ መጀመሪያ በፍሎፒ፣ በኋላ በፍላሽ እየገባ ዕረፍት አልሰጠንም። ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ነበር፣ ፎርማት። ቃሉ በትክክሉ ዲስኩን ባዶ ማድረግ ማለት ነው፤ በእኛ ከተማ ግን ዊንዶውስ መጫንም፣ ማጽዳትም፣ ማዳንም ሁሉም «ፎርማት» ሆነ። እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው። «ፎርማት አድርግልኝ፣ ግን ምንም እንዳይጠፋብኝ» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ምን እንደሚፈልግ ይገባኛል።

የኤክስፒ አጫጫን እንደ ጸሎት በቃሌ ነበር። ሲዲው ይገባል፤ ሰማያዊው ገጽ ይመጣል፤ ውሉን ሳያነቡ ኤፍ 8 ይመታል፤ ከዚያ አሮጌውን ክፍልፍል ለመሰረዝ ዲ፣ ለማረጋገጥ ኤል፣ አዲስ ለመፍጠር ሲ። ቢጫው መስመር ቀስ እያለ ይሞላል። ቀጥሎ «39 ደቂቃ ቀረ» የሚለው ጽሑፍ ይመጣል። ያ 39 ደቂቃ እኛ ዘንድ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር፤ ክረምት ከሆነ ደግሞ ከጮቄ ተራራ በኩል ሲያጉረመርም መብራት ይሄድና ሰላሳ ዘጠኙ እንደገና ከሰላሳ ዘጠኝ ይጀምራል።

ዲ እና ኤል ከተመቱ በኋላ የሚተርፍ ነገር የለም። ጥረጋ የሚባል ሁለተኛ ሥራም አልነበረም፤ ጥረጋውና ግንባታው አንድ ነው። የዲስኩ ጥበትም ያስገድደን ነበር፤ ሃያ ወይም አርባ ጊጋ ዲስክ ላይ አሮጌና አዲስ ዊንዶውስ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ቅንጦት ነው። ስለዚህ የሙያው የመጀመሪያ ትምህርት ጭካኔ ነበር። ደንበኛው ፋይሉን በዲ ድራይቭ ካላስቀመጠ የራሱ ጉዳይ ነው። «ዴስክቶፕ ላይ አታስቀምጡ፣ ዴስክቶፕ ሲ ነው» ብለን ለፈለፍን፤ ሰሚ ግን አልነበረም። ሰው ዕቃውን ዓይኑ በሚያየው ቦታ ነው የሚያስቀምጠው።

ለአንዳንዱ ግን ማዘን ይመጣል። የሚገለብጡበት ሌላ ዲስክ ከሌለ ደግሞ አንድ መውጫ ነበረን። ክፍልፍሉን ሳንሰርዝ ስንቀጥል ኤክስፒ «እዚህ ዊንዶውስ የሚባል ፎልደር አለ» ብሎ ይጠይቃል፤ ኤል ሲባል ያንን ፎልደር ብቻ አጥፍቶ ሌላውን ይተወዋል። ትርፍራፊ የሚባለው ነገር ወደ ሙያችን የገባው በዚህች በር ነው። የድሮው ተጠቃሚ ፎልደር እንዳለ ይቀራል፤ አዲሱ ተጠቃሚ በዚያው ስም ሲመጣ ዊንዶውስ እንዳይምታታበት በስሙ ጭራ ላይ የኮምፒውተሩን ስም ይቀጥልበታል፤ ልክ እንደ መንደር ሰው፣ እገሌ የእነ እገሌ እንደሚባለው። ሌላ ፎልደር መርጦ የጫነ ደግሞ ሲከፈት ሁለት «ኤክስፒ» የሚል ምርጫ ይመጣበታል፤ አንደኛው ይሠራል፣ ሌላው ገደል ነው። ምርጫውን የያዘችውን ፋይል ሳያርም አሮጌውን ፎልደር ብቻ በእጁ የሚሰርዝ ሰው፣ የትኛው አሮጌ የትኛው አዲስ እንደሆነ ተምታቶበት የሚሠራውን ገድሎ የሞተውን የሚያስቀር ነበር። ይኼ ደርሶብኛል፤ አንዴ ብቻ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ፊደል።

ኤክስፒ የእኛን ፊደል ይዞ አልመጣም። አማርኛ ለመጻፍ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ ወይም ሌላ ፕሮግራም በተጨማሪ መጫን ነበረብን። እነዚህ ፕሮግራሞች የተሠሩት የማይቻለውን ለማስቻል ነው። በዚያ ዘመን አንድ ፎንት 256 ቦታ ብቻ አለው፤ ከዚያም ላይ የተያዘ አለ። የእኛ ፊደል ደግሞ ከነዲቃላው፣ ከነአኃዙ፣ ከነሥርዓተ ነጥቡ በዚያ አይጨበጥም። አንዱ ሠሪ ፊደሉን በሁለት በሦስት ፎንት ይከፍለዋል፤ ሌላው አካሉንና ምልክቱን ለያይቶ ስክሪኑ ላይ ያጋጥማል፤ ልክ እንደ ኦሊቬቲው። እያንዳንዱም በራሱ መንገድ ያስቀምጣል። የአንዱ «ሀ» የተቀመጠበት ቦታ ላይ ሌላው «መ» ወይም ሌላ ፊደል ያስቀምጣል። ፋይሉ ውስጥ የተጻፈው እኮ አማርኛ አይደለም። ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ፊደል ቁጥር ነው፤ አማርኛ የሚያደርገው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ሲነሣ ጽሑፉ ባለ ነጥብ «ኦ»፣ ጭረት፣ የጥያቄ ምልክት፣ የእንግሊዝ ገንዘብ ምልክት ሆኖ ቁጭ ይላል።

በፈረንጆች 1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል 345 ቦታ ሰጠው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል በዓለም አንድ ቁጥር። በእኛ 1999፣ ጥር ወር ላይ ደግሞ ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የሚባል የአማርኛ ፎንት ይዞ ለገበያ ቀረበ። አንድ ዓይነት ቁጥር በሁለት አቆጣጠር፤ መካከሉ ከሰባት ዓመት በላይ ነው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ተማሪ መቀበል የጀመረው በዚያው በእኛ 1999 ነበር፤ ለእኛ ሙያ ይኼ ከቪስታ ይበልጣል። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስተይብ፣ ላፕቶፕ የሚገዛ፣ ፍላሽ የሚለዋወጥ፣ በፍላሹ ቫይረስ የሚያሳድር ወጣት ከተማዋን ሞላት። የፎርማት ሱቅ በየመንገዱ በቀለ። እኔም የራሴን የከፈትኩት ያኔ ነው።

ቪስታን ማንም አልወደደውም፤ በእኛ ማሽኖች ላይ እንደ ጭነት በቅሎ ያቃስታል። ጥቅምት 2002 የወጣው ዊንዶውስ 7 ግን ገባ። ሁለቱም ይዘውት የመጡት አዲስ ጠባይ ነው ይህን ጽሑፍ የሚያጽፈኝ። ክፍልፍሉን ሳይሰርዙ ሲጭኗቸው አሮጌውን ዊንዶውስ አይገድሉትም። ዊንዶውስ የሚለውን ፎልደር፣ የፕሮግራሞቹን ፎልደር፣ የተጠቃሚዎቹን ፎልደር ከነሙሉ ይዘቱ «ዊንዶውስ ኦልድ» ውስጥ ይጨምሩታል። እኛ ደግሞ ምን እንደተሰጠን አላወቅንም። ዲና ኤል ለምዶ ያደገ እጅ እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ ቆሻሻ ነው የሚመስለው። ጥሩ ባለሙያ ማለት ሲ ድራይቭን ከፍቶ ሲያሳይ አራት ንጹሕ ፎልደር ብቻ የሚታይበት ነው ብለን ስለምናምን፣ ጭነን እንደጨረስን ወዲያው እናጠፋው ነበር። አስቸጋሪነቱም ያኮራን ነበር፤ በዲሊት አይሄድም፣ «ፈቃድ የለህም» ይላል፤ ባለቤትነቱ የዊንዶውስ የራሱ ነውና። ባለቤትነቱን ነጥቀን፣ ፈቃዱን ለውጠን፣ በግድ እናጠፋዋለን። በግድ ስንጎትት ከአዲሱም የነካካንበት ቀን አለ።

በ2004 ዓ.ም. አንድ የእድር ጸሐፊ መጡ፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ኮምፒውተሩ የልጃቸው ነው፤ ልጁ አዲስ አበባ ገብቷል። የእድሩን የአባላት መዝገብ፣ ቃለ ጉባኤና የመዋጮ ሒሳብ ከኤክስፒ ጊዜ ጀምሮ ራሳቸው በሁለት ጣት ለቅመው ጽፈውበታል። እኔ ጠንቃቃ ነኝ፤ ፋይሎቹን ሁሉ ወደ ዲ ገለበጥኩ፣ ቆጠርኩ፣ አሳየኋቸው። ዊንዶውስ 7 ጫንኩ። ዊንዶውስ ኦልድን አጠፋሁ። ሃምሳ ብሬን ተቀበልኩ።

ማታ ደወሉ። «ልጄ፣ ፋይሉ አለ፤ አማርኛው ግን ሄዷል።»

ፓወር ግዕዝን ጫንኩላቸው፤ አልተከፈተም። ቪዥዋል ግዕዝን ጫንኩ፤ አማርኛ መጣ፣ ግን ቋንቋ አልሆነም፤ «ሰብሳቢ» ማለት የነበረበት ሌላ ነገር ሆኖ ተነበበ። የጻፉበት ፎንት ልጃቸው ከአንድ ጓደኛው በፍሎፒ ያመጣው፣ ስሙን እንኳ ማንም የማያስታውሰው ነበር። ያ ፎንት የት ነበር? ዊንዶውስ ኦልድ ውስጥ፣ ዊንዶውስ በሚለው ፎልደር፣ ፎንትስ በሚለው ንዑስ ፎልደር ውስጥ ነበር። ክብደቱ አንድ ፎቶ አይሆንም። እኔ ቆሻሻ ብዬ ዐሥራ ሁለት ጊጋ ስጠርግ ፊደሉን አብሬ ጠረግሁት። የሰረዝኩትን መልሶ ለማውጣት ሞከርኩ፤ አዲሱ ዊንዶውስ ቦታውን ጽፎበታል። በመጨረሻ ቀድሞ ታትመው ከነበሩ ወረቀቶች ላይ መልሼ ተየብኩላቸው፤ ሁለት ወር ያህል፣ በማታ በማታ፣ ያለ ክፍያ። ያልታተመው ጠፋ። ሰውየው አንድ ቀን እንኳ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ትርፍራፊውን መክፈትና ማየት የጀመርኩት። ውስጡ ምን እንዳለ ያላየ ሰው ሊጠርገው አይገባም ብዬ አንድ ክረምት ሙሉ የገባውን ኮምፒውተር ሁሉ መረመርኩ። ተጠቃሚዎች በሚለው ፎልደር ውስጥ ዴስክቶፑ፣ ዶክመንቱ፣ ዳውንሎዱ አለ፤ ይኼን ሁሉም ያውቃል። ተደብቆ የሚገኘው «አፕዳታ» ውስጥ ግን የብራውዘሩ ምልክቶች፣ የተቀመጡ ኢሜይሎች፣ ኋላም የቴሌግራም ነገር አለ፤ የተደበቁ ፎልደሮችን አሳይ ካላሉት አይታይም። ፈቃድ ሲጠይቅ የሚያደናግረውም ነገር ገባኝ። ተጠቃሚው በአሮጌው ዊንዶውስ ሲፈጠር ከስሙ ሌላ ረጅም መታወቂያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ፎልደሩን የሚጠብቀው ቁጥሩ ነው። በአዲሱ ላይ በዚያው ስም ቢፈጠርም ቁጥሩ ሌላ ነው። ስለዚህ የገዛ ፎልደሩ «አላውቅህም» ይለዋል። ወደ ውስጥ ለመግባት የአስተዳዳሪ ፈቃድ ሰጥቶ መቀጠል ይበቃል፤ ፋይሉ ተመሥጥሮ ከነበረ ግን ቁልፉ ካልተያዘ በቀር አይበቃም፤ ከእንዲህ ያለው ጋር መጣደፍ የባሰ ነው።

የከተማም ስም ትርፍራፊ አለው፤ ደብረ ማርቆስ ራሷ መንቆረር ነበረች፤ በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ከተጠራች ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል። ሽማግሌዎች አሁንም መንቆረር ይሏታል። አንድ ጠበቃ የመሬት ክርክር ፋይል በ«ደብረ ማርቆስ» ፈልጎ አጥቶ፣ በ«መንቆረር» ሲፈልግ አሮጌው ዊንዶውስ ውስጥ ያገኘውን እኔ ሱቅ ተቀምጬ አይቻለሁ።

ሌላው የተማርኩት ስለ ድራይቨር ነው። ድራይቨር ማለት ዊንዶውስ ከዋይፋዩ፣ ከድምፁ፣ ከስክሪኑ ጋር የሚነጋገርበት ፕሮግራም ነው። አዲስ ዊንዶውስ ሲጫን ዋይፋዩን የማያውቀው ማሽን ብዙ ነው፤ ድራይቨሩ ደግሞ የሚወርደው በኢንተርኔት ነው፤ ኢንተርኔቱ የሚገባው በዋይፋዩ ነው። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ይህ ክብ ለእኛ ሙሉ በሙሉ ተዘጋ። ያኔ ያዳነን ያ ቆሻሻ ነው። አሮጌው ዊንዶውስ ሲስተም 32 ውስጥ «ድራይቨር ስቶር» የሚባል ጎተራ አለው፤ አንዴ የጫነውን ድራይቨር ሁሉ እዚያ ያኖራል። በዲቫይስ ማናጀር ገብተን «ከዚህ ፎልደር ፈልግ» ብለን ዊንዶውስ ኦልድ ውስጥ ያለውን ጎተራ እናሳየዋለን፤ ዋይፋዩ ይነሣል። ጎረቤቴ ያለው ሌላ ባለሙያ የጠረጋቸውን ላፕቶፖች እየያዘ እኔ ዘንድ ይመጣ ነበር፤ ተመሳሳይ ሞዴል ካለኝ ጎተራውን በፍላሽ አካፍለው ነበር። ጤፍ እንደ መበዳደር ነበር።

ዊንዶውስ 10 ሐምሌ 2007 ሲወጣ ማይክሮሶፍት ራሱ ለትርፍራፊው ቀን ቆረጠለት። ወደ አሮጌው መመለስ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ አንድ ወር ተሰጠው፤ በዓመቱ፣ በ2008 ክረምት በመጣው ማሻሻያ፣ ዐሥር ቀን ሆነ። ከዚያ በኋላ ራሱ ይጠርገዋል። ለዚህ ነው እኔ አርባ ያልኩት። ለሰው ሠልስት አለ፣ ሰባት አለ፣ ዐሥራ ሁለት አለ፣ አርባ አለ፤ ዐሥር የሚባል ግን የት ነው ያለው? በዐሥር ቀን ውስጥ ደንበኛዬ ገና ቀበሌ አልሄደም፣ ደመወዝ አልወጣም፣ የገበሬ ማኅበሩ ሪፖርት አልተጠየቀም። የጎደለው ነገር የሚታወቀው ሲፈለግ ነው፤ የሚፈለገው ደግሞ በወሩ መጨረሻ ነው። አርባ ቀን አንድ የወር መጨረሻ በእርግጥ ያስገባል። መጀመሪያ እንደ ቀልድ ነበር የጻፍኩት፤ አሁን ሌሎች ሱቆችም «እስከ አርባው» ሲሉ እሰማለሁ።

እንዴት እንደምሠራው ለሚጠይቀኝ እነግራለሁ፤ የሚደበቅ ነገር የለውም። የጫንኩ ዕለት ምንም አላጠፋም። ማሽኑ ራሱ በዐሥር ቀን ሊጠርገው ስለሚችል የተጠቃሚዎቹን፣ የፎንቶቹንና የድራይቨሮቹን ፎልደሮች ከዊንዶውስ ኦልድ ወደ ዲ፣ ዲ ከሌለ ወደ ሌላ ዲስክ እገለብጣለሁ። መገልበጥ ነው እንጂ መቁረጥ አይደለም፤ መብራት ሲሄድ የተቆረጠው መሀል መንገድ ላይ ይቀራል። ባለቤቱ ከአሮጌው ፋይሎች ሦስት ያህል በእጁ ከፍቶ ያነባል፤ ስሙ መታየቱ አይበቃም፣ መነበብ አለበት። አርባው ሲወጣ ባለቤቱ ይመጣል። ዊንዶውስ ኦልድ ያኔም ካለ በእጄ አልነካውም፤ ፍለጋው ላይ «ዲስክ ክሊንአፕ» ብዬ ሲ ድራይቭን እመርጣለሁ፣ «ክሊንአፕ ሲስተም ፋይልስ» እላለሁ፣ ከዝርዝሩ «ፕሪቪየስ ዊንዶውስ ኢንስታሌሽንስ» የሚለውን ብቻ ምልክት አደርጋለሁ። በአዲሶቹ ላይ በሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ስቶሬጅ፣ ቴምፖራሪ ፋይልስ በሚለው መንገድም እዚያው ይደረሳል። በቴምፖራሪ ፋይልስ ዝርዝር ውስጥ «ዳውንሎድስ» የሚል አለ፤ እርሱ ላይ ምልክት እንዳይኖር ሁለቴ አያለሁ፤ እዚያ ላይ የጥናት ጽሑፉን ያጣ ተማሪ አውቃለሁ። ከተጠረገ በኋላ ወደ አሮጌው መመለሻ እንደሌለ ዊንዶውስም ይናገራል፣ እኔም እናገራለሁ።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ሲያበቃ ወደ 11 የሚያሻግር ሰው በዛ፤ ዊንዶውስ ኦልድም በዛ። ከመጡት አንዱ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ዲማ በኩል ባለ ደብር የሚያስተምሩ። ላፕቶፑን የሰጣቸው ውጭ አገር ያለ የድሮ ተማሪያቸው ነው፤ ቅኔያቸውን ሌላ ተማሪ ይተይብላቸዋል። የተየበውም በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ዕለት ፎንቱን ከአሮጌው አውጥቼ አዲሱ ላይ ጫንኩላቸው፤ አንድ ገጽ ስከፍትላቸው አነበቡልኝ፤ ሙሉ ነው፣ አንድም ፊደል አልጎደለም። ዲ ስላልነበረው ቅጂውን የእኔው ዲስክ ላይ አስቀመጥኩ፤ በራሱ እንዲጠርግ የሚያደርገውንም ዘጋሁበት። «አርባውን እንጠብቅ፣ የኔታ» አልኳቸው። ወረቀቴን ቀና ብለው አንብበው ሳቁ።

አርባው የወጣ ዕለት፣ ቅዳሜ ገበያ ቀን፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ። ሳዘጋጅ ስለ ብራና አወሩኝ። በልጅነታቸው ከአንድ ቁም ጸሐፊ ዘንድ ቆይተዋል፤ የፍየሉን ቆዳ ወጥረው ፍቀዋል፣ ጥላሸት በጥብጠዋል። የተሳሳተ ፊደል በምላጭ እንደሚፋቅ፣ ቀለሙ ከላይ ስለሚቀመጥ በጥንቃቄ ከፋቁት ብራናው እንደማይቀደድ አስረዱኝ። መጽሐፍ ሲሸጥ የቀድሞው ባለቤት ስም ከጸሎቱ መሀል እየተፋቀ የአዲሱ ባለቤት ስም እንደሚጻፍበትም። «ፀሐይ ላይ ከያዝከው ግን የፊተኛው ሰው ይነበባል» አሉኝ።

«ይኼ አይነበብም፣ የኔታ። ልጥረገው?»

«ስንት ይዟል?»

«ዐሥራ ስምንት ጊጋ።»

«ፊደሉ ወጥቷል ብለኸኛል።»

«ወጥቷል። ቅጂውም እኔ ዘንድ አለ።»

«እንግዲያስ ጥረግ።»

ምልክቱን አደረግሁ፣ እሺ አልኩ። አረንጓዴው መስመር መሙላት ጀመረ። የኔታ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ወደ ላፕቶፑ አስጠጉ። ማራገቢያው እንኳ አልተነሣም ነበር። ጥቂት ቆዩና ቀና አሉ።

«ሲፋቅ ድምፅ የለውም እንዴ?» አሉኝ።